መልኩ የጠፋ ገንዘብ በፎቶግራፍ እንዴት ይታወቃል?

ገንዘብ በሰው እጅ ሲዘዋወር ኖሮ መልኩ ይጠፋል። በመጀመሪያ የንጉሡ አፍንጫና ጉንጭ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ ጠጉሩና አክሊሉ ይደበዝዛል፤ በመጨረሻም በዙሪያው የተጻፈው ስም ፊደል በፊደል እየተፋቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህስ አልቆለታል» ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል። ይሁን እንጂ በትዕግሥት ለሚመለከተው ሰው ጨርሶ ዝም የሚል ሳንቲም ጥቂት ነው። ደግሞም የሚመሰክረው ከላዩ በጠፋው ነገር ሳይሆን በቀረው ነገር ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን፣ ከካርቱም በደረሰን በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት፣ የተፋቀ የሮማውያን ገንዘብ እንዴት እንደሚታወቅ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በካርቱም ዴም በሚባለው ሠፈር ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። እኒህ እናት ከአማታቸው የወረሱት አንድ የአንገት ጌጥ ነበራቸው። ጌጡም በጥቁር ክር የተንጠለጠለ፣ አናቱ ላይ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ነው። በቤተ ሰቡ ዘንድ «የአክሱም ንጉሥ ገንዘብ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በ2023 በሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ እናቲቱ ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ጌጡ ግን በችኮላው ከቤት ቀረ፤ ቤቱም ተዘረፈ። ከሳንቲሙ የተረፈው በልጃቸው ስልክ ውስጥ የነበሩት ሦስት ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው። እናቲቱም ፎቶግራፎቹን ልከው፣ «ዕቃው እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ለልጆቼ ግን ምን እንደ ነበረ እውነቱን ልንገራቸው» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ፎቶግራፎቹን ተመለከትን። የመጀመሪያው በምሽት፣ በስልኩ መብራት ፊት ለፊት የተነሣ ነው። በእርሱ ላይ ከአንድ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ክብ በቀር የሚታይ የለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ልጅቱ ለትምህርት ቤት ሥራ ብላ በመስኮት አጠገብ በማለዳ ያነሣቻቸው ናቸው። ብርሃኑ ከጎን ስለ ገባ ከፍ ያለው ነገር ሁሉ ትንሽ ጥላ ጥሎ ነበር። በዚያው ክብ ውስጥ ራስ፣ ትከሻ፣ ጦርና የወደቀ ፈረስ ታዩን። ከዚህም በላይ ልጅቱ ሳንቲሙን ከማስመሪያዋ አጠገብ ስላኖረችው ስፋቱን ለመለካት ቻልን፤ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የዚህ ጥበብ ዋና ትምህርት ከዚህ ይጀምራል፤ የተፋቀ ሳንቲም የሚነበበው በጥላው ነው። ጥላ እንዲኖር ብርሃን ከጎን መምጣት አለበት።

ሳንቲም ሁለት ገጽ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባባሉ የነበረው ስለዚሁ ነው፤ ዘውድ የንጉሡን ራስ፣ ጎፈር የአንበሳውን ገጽ ያመለክታል። የሮማውያንም ገንዘብ እንዲሁ ነው። በፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ከስሙና ከማዕርጉ ጋር ይታያል። በጀርባው ደግሞ አንድ ሥዕል፣ ሥዕሉን የሚገልጽ ቃል፣ በኋለኛው ዘመንም ከሥዕሉ እግር ሥር ገንዘቡ የተመታበትን ከተማ የሚያመለክቱ ጥቂት ፊደላት ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። መርማሪው ስለ ጠፋው እያዘነ ከመቀመጥ ይልቅ የተረፈውን አንድ በአንድ ይጠይቃል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ራስ መሸፈኛው ነው። ራስ ከፊት የበለጠ ዕድሜ አለው፤ አፍንጫው ጠፍቶ እንኳ በማጅራት በኩል የታሰረው ጥብጣብ ብዙ ጊዜ ይታያል። የቀደሙት የሮማ ነገሥታት በአብዛኛው የቅጠል አክሊል ደፍተው ይታያሉ። ካራካላ የተባለው ንጉሠ ነገሥት በ215 ባወጣው አዲስ የብር ገንዘብ ላይ ደግሞ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሾለ አክሊል ገባ፤ በሦስተኛው ምዕተ ዓመት በብዛት የሚገኘውም ይህ ነው። ከታላቁ ቆስጠንጢኖስ የመጨረሻ ዓመታት ጀምሮ ደግሞ በዕንቍ የተጌጠ የራስ ማሰሪያ ተለመደ። ስለዚህ ስሙ ሳይነበብ፣ አክሊሉን ብቻ በማየት ሳንቲሙን ከብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ዘመን ማቅረብ ይቻላል። በእኛ ፎቶግራፍ ላይ ከራሱ ዙሪያ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦችና ከማጅራቱ በኩል የተንጠለጠሉ ሁለት ጫፎች ይታያሉ። ይህ የዕንቍ ማሰሪያው ነው። እንግዲያስ ሳንቲሙ ከአራተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አይቀድምም።

ሁለተኛው የሚጠየቀው የጀርባው ሥዕል ነው። የአራተኛው ምዕተ ዓመት የነሐስ ገንዘብ ጀርባዎች ቍጥራቸው ብዙ አይደለም፤ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ሁለት ወታደሮች በመካከላቸው ዐርማ አቁመው ከታዩ ከ330 በኋላ ያለው ዓይነት ነው። አንድ ወታደር ከፈረሱ የወደቀውን ጠላት በጦር ሲወጋ ከታየ ደግሞ በ348 ከወጣው አዲስ ገንዘብ ወገን ነው፤ በዙሪያው ያለው የላቲን ጽሑፍ «የመልካም ዘመን መመለስ» የሚል ትርጓሜ አለው። በፎቶግራፋችን ጽሑፉ በሙሉ ተፍቋል። የወታደሩ ተዘርግቶ የቆመ እግር፣ የጦሩ ዘንግና የፈረሱ አንገት ግን በግልጽ ቀርተዋል። ይህ ሥዕል ሲጀመር በትልልቅ ሳንቲሞች ላይ ይመታ ነበር፤ ከ350 በኋላ ግን ሳንቲሙ እያነሰ ሄደ። የልጅቱ ማስመሪያ የነገረን 17 ሚሊ ሜትርም ከታናናሾቹ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው የሚጠየቀው የፊደል ቅሬታ ነው። በሳንቲሙ ፊት፣ በራሱ ግራ በኩል፣ ሲነበቡ «ንቲዩስ» የሚሉ አምስት የላቲን ፊደላት ከጥላው ውስጥ ወጡ። እዚህ ላይ አንባቢያችን ጥንቃቄ ያድርጉ። የሚመኙትን ነገር ዓይን ፈጥኖ ያያል። ስለዚህ እኛ ያየነውን ሳንነግር ፎቶግራፉን ለአንድ ባልደረባችን ሰጥተን የሚታየውን ፊደል በወረቀት እንዲጽፍልን ለመንነው። እርሱም የመጀመሪያውን ተጠራጥሮ የቀሩትን አራቱን እንደ እኛ ጻፈ። አንድ ሰው ብቻ የሚያየው ፊደል እንደ ማስረጃ መቈጠር የለበትም።

አሁን መጻሕፍቱ ይገለጣሉ። የሮማ ነገሥታትን ገንዘብ በየንጉሡና በየከተማው የሚዘረዝረው ታላቁ የእንግሊዞች መዝገብ የመጀመሪያው ቅጽ በ1923 የታተመ ሲሆን፣ ዛሬ ከነሥዕሎቹ በማንኛውም ሰው ስልክ ሊታይ ይችላል። በዚህ ሥዕል ዘመን የነበሩትን ስሞች በመዝገቡ አንድ በአንድ ፈተንናቸው። የቆንስጣንስ ስም መጨረሻ ከፊደሎቹ ጋር አይገጥምም፤ ደግሞም በ350 ሞቷል። የዩልያኖስም ስም አይገጥምም። ከገጠሙት ዋነኞቹ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቆንስጣንጢዮስ፣ የአጎቱ ልጅና አልጋ ወራሹ ጋሉስ፣ እንዲሁም በምዕራብ በኩል ያመፀው ማግኔንቲዩስ ናቸው። ጋሉስ እንዴት ገጠመ የሚል ቢኖር፣ ጋሉስ በገንዘቡ ላይ የሚጠራው በዘውድ ስሙ ቆንስጣንጢዮስ ተብሎ ነው። እንግዲህ ፊደል ብቻውን ሊፈርድ አልቻለም። ፍርዱን የሰጠው አስቀድመን ያየነው የዕንቍ ማሰሪያ ነው። ጋሉስ አልጋ ወራሽ እንጂ ንጉሠ ነገሥት ስላልነበረ በገንዘቡ ላይ ራሱ ያለ ዘውድ ነው፤ ማግኔንቲዩስም ባብዛኛው እንዲሁ ባዶ ራሱን ይታያል። ስለዚህ የቀረው ከ337 እስከ 361 የነገሠው ዳግማዊ ቆንስጣንጢዮስ ነው።

ሳንቲሙ የት ከተማ እንደ ተመታ ግን ለመናገር አንችልም። ከወታደሩ እግር ሥር የነበረው ምልክት፣ እናቶች በጣታቸው ሲያሹት ከኖሩት ጠርዝ ጋር አብሮ አልቋል። «እስክንድርያ ነው» ብንል ጥያቄው ያማረ መልስ ባገኘ ነበር፤ ካርቱም በዓባይ ዳር ናትና ነገሩም የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን ፎቶግራፉ ያላለውን እኛ ማለት አይገባንም። ክብደቱም እንዲሁ ከፎቶግራፍ አይታወቅም።

ይህን ስንጽፍላቸው እናቲቱ እንደሚያዝኑ አውቀን ነበር። ለልጆቻቸው የአክሱም ገንዘብ ነው ሲሉ ኖረዋልና። ስለዚህ አክሱማዊ ያለ መሆኑን ከነምክንያቱ አብራራንላቸው። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ ይኸውም ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ አንሥቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አስመትተዋል። በወርቁ ገንዘብ ላይ የንጉሡ ምስል በሁለቱም ገጽ ይገኛል፤ ከግራና ከቀኝም ሁለት የስንዴ ዛላዎች ያጅቡታል። ከክርስትና በፊት ከላዩ ጨረቃና ክብ ነበር፤ በዔዛና ዘመን ግን በዚያ ቦታ መስቀል ገባ። በአንዳንዱ የነሐስና የብር ገንዘብ ላይ ደግሞ ከመስቀሉ ወይም ከንጉሡ ራስ በስተኋላ ቀጭን የወርቅ ቅብ ይለበጥ ነበር፤ ይህ የአክሱም ባለሙያዎች ልዩ ጥበብ ነው። ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ወርቅ በአብዛኛው በጽርዕ ፊደል ሲጻፍ፣ በአገር ውስጥ የሚሠራበት ነሐስ እያደር በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን ይህን ቢያስተውሉ ደስ ይላቸዋል፤ በዛሬው ቀን በደብተራቸው የሚጽፉት ፊደል ከ1,600 ዓመታት በላይ በሆነው በወዘባ የወርቅ ገንዘብ ላይ «ወዘበ» ተብሎ ይነበባል። በእናቲቱ ሳንቲም ላይ ግን የስንዴ ዛላም፣ መስቀልም፣ የግዕዝ ፊደልም የለም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዳግማዊ ቆንስጣንጢዮስ ለአክሱም ባዕድ ሰው አልነበረም። በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሣይዛና ደብዳቤ የጻፈው እርሱ ነው። በደብዳቤው፣ እኛ አባ ሰላማ ብለን የምንጠራቸው ጳጳሱ ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ይላኩ ሲል ጠይቋል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የቆየው አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላኖረው ነው። እንግዲህ በካርቱም በአንዲት ኢትዮጵያዊት አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ራስ፣ ለዔዛና ደብዳቤ የጻፈው የዚያ ንጉሠ ነገሥት ራስ ነበር ማለት ነው። ሳንቲሙ ከደብዳቤው ጋር መጣ አንልም፤ እንደዚያ ማለት ተረት መጨመር ይሆናል። ነገር ግን እውነቱ ብቻውን ለልጆች የሚበቃ ታሪክ አለው።

የሮማን ገንዘብ በስቶ ማንጠልጠልም በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብርን በአንገታቸው እንዳሠሩ፣ በዛሬዪቱ ኤርትራ በመጠራ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቆፍሩ፣ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ከወርቅ ጌጦች ጋር 14 የሮማውያን የወርቅ ገንዘቦች ማንጠልጠያ እንደ ተደረገላቸው ተገኝተዋል። ገንዘቡ የመገበያያ ሥራውን ጨርሶ ጌጥ ሆኖ ነበር።

በካርቱም ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ከካርቱም በሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በጥንታዊው የመርዌ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በጽርዕ የተጻፈ የድንጋይ ስባሪ ተገኘ፤ ሊቁ አርቺባልድ ሴይስም በ1909 አሳተሙት፤ ድንጋዩም በካርቱም ሙዚየም ተቀመጠ። የንጉሡ ስም የነበረበት ቦታ ተሰብሮ ጠፍቷል። ሆኖም «የአክሱማውያንና የሕምያራውያን» የሚለው ማዕርግ ቅሬታና አሬስ የተባለው የጦርነት አምላክ ስም ቀርተዋል። ሊቃውንት እነዚህን ቅሬታዎች በአክሱም ካሉት ሙሉ ጽሑፎች ጋር አስተያይተው፣ ድንጋዩን ያቆመው ክርስትናን ገና ያልተቀበለ የአክሱም ንጉሥ እንደ ሆነ ተረዱ። በ1975 እና 76 ቍፋሮ ሌላ ስባሪ ሲገኝ፣ ቶማስ ሄግ በ1984 በዚሁ መንገድ መርምረው አሳተሙት። የንጉሡ ስም ማን ይሆን የሚለው ግን ለክርክር ተተወ። የተፋቀ ሳንቲምና የተሰበረ ድንጋይ የሚመረመሩበት ሕግ አንድ ነው፤ ከቀረው ተነሥተው የሚያደርስዎትን ያህል ይሄዳሉ፤ መንገዱ ባለቀበት ይቆማሉ።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከዚያችው ከተማ ይገኛል። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ከአስዋን ግድብ ውሃ የዳኑ ቤተ መቅደሶችንና የፋራስን የግድግዳ ሥዕሎች ይዞ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ሙዚየሙ በውጊያው መካከል ቀረ። በመስከረም 2024 ዩኔስኮ ከሱዳን የሚወጣ ቅርስ ማንም እንዳይገዛ ለዓለም ነጋዴዎች ጥሪ አቀረበ። በመጋቢት 2025 ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ሲይዝ፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ቆመው፣ ለመሸከም የሚቀሉት ዕቃዎች ግን በብዛት ተዘርፈው መገኘታቸው ተዘገበ። ትንሽ ዕቃ በኪስ ድንበር ይሻገራል። በሌላ አገር ገበያ ላይ ሲገኝ «ይህ የካርቱም ነው» ብሎ የሚመሰክርለት የመዝገብ ቍጥሩና ፎቶግራፉ ብቻ ነው። አንዱ ሳንቲም ከሌላው የሚለየውም በመፋቁ ነው፤ ጭረቱ፣ የጠርዙ ስንጥቅ፣ ክሩ የገባበት ቀዳዳ እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው። ፎቶግራፍ የሌለው ሳንቲም ሲሰረቅ ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ ከእጅ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከምስክርነት።

ስለዚህ በቤታቸው የቆየ ጌጥ ወይም ሳንቲም ያላቸው አንባቢዎቻችን የሚከተለውን እንዲያደርጉ እንመክራለን።

አንደኛ፦ ሳንቲሙን አያጥቡት፣ በሎሚም በአመድም አይፈትጉት። በላዩ ያለው አረንጓዴና ቡናማ ልብስ ፊደሎቹን ይጠብቃል፤ ሲነሣ ፊደሉም አብሮ ይነሣል።

ሁለተኛ፦ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ጭምር፣ በአንድ ቀለም ጨርቅ ላይ አኑረው፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡ። የስልኩን መብራት ያጥፉ፤ በማለዳ በመስኮት አጠገብ ይሁን። ብርሃኑ በፎቶግራፉ ከላይ በግራ በኩል ቢመጣ ይሻላል፤ ከታች የመጣ እንደ ሆነ ዓይን ይታለልና ከፍ ያለው የጎደጎደ ይመስላል።

ሦስተኛ፦ ሳንቲሙን ሳያንቀሳቅሱ ብርሃኑን ከአራት አቅጣጫ እየለወጡ አራት ጊዜ ያንሡ። ከቀኝ የማይታይ ፊደል ከግራ ይታያል። በ2001 ቶም ማልዝቤንደር ያሳወቁት የምርመራ ዘዴም በዚሁ ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ ብዙ ፎቶግራፎችን አንድ ላይ አድርጎ ብርሃኑን በመሣሪያ ያዞራል። ስልኩ በራሱ ሥዕሉን የሚያሳምርበትን ዘዴም ይዝጉ፤ የሌለ መስመር ይጨምራልና።

አራተኛ፦ በወርቅ ሠሪ ሚዛን አስመዝነው ግራሙን ይጻፉ። ከማን እንደ ወረሱትና ከየት እንደ መጣ የሚያውቁትን ሁሉ አብረው ያስፍሩ። የፎቶግራፉን አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ በሌላ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ።

አምስተኛ፦ ከመሬት የተገኘ ዕቃ ከሆነ አይሽጡት፣ አይግዙትም፤ ቦታውን ሳይነኩ ለአገሩ የቅርስ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። ከተገኘበት ቦታ የተለየ ሳንቲም ከታሪኩ ግማሹን ያጣል።

እናቲቱ ደብዳቤያችን ከደረሳቸው በኋላ መልስ ጽፈውልናል። «አክሱም ነው ብዬ ተሳስቼ ነበር፤ ነገር ግን ለአክሱም ደብዳቤ የጻፈው ሰው መሆኑን ለልጆቼ ነገርኳቸው» ይላሉ። ልጅቱም በመስኮት አጠገብ ያነሣችውን ፎቶግራፍ አሳትማ፣ ከጀርባው የሳንቲሙን ስፋት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ስምና የአያቷን ስም ጽፋ በግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የተመታበት ከተማ ሊጻፍበት በሚገባው መስመር ግን ምንም ሳትጽፍ ባዶውን ትታዋለች። እኛም ከሁሉ የበለጠ ያመሰገንነው ያን ባዶ መስመር ነው።